እማዬ ናይሮቢ ፓርክ ገብታ ስለ ሳላ አወራች

እማዬ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ከመጣች ሶስተኛ ሳምንቷ ነበር፣ ቤት መዋል ሰልችቷት "አገሩ ሱፐርማርኬት ብቻ ነው እንዴ?" ስትለኝ ቅዳሜ በጠዋት እሷንም ባለቤቴንም ሁለቱንም ልጆች ይዤ ናይሮቢ ናሽናል ፓርክ ሄድን። ሩቅ መንገድ መስሏት ስንቁንም ሹራቡንም አዘጋጅታለች፣ ፓርኩ ግን ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መቀመጫዋ ላይ በደንብ ሳትመቻች ደረስን።

ክፍያው በኦንላይን ነው፣ በስልክህ ከፍለህ ትገባለህ፣ ለዜጋና እዚሁ ለሚኖር ሰው ደግሞ ለቱሪስት ከሚጠየቀው በጣም ያንሳል። እኔ ግን እዚህ በመጣሁ ቁጥር ቆሜ የማየው በሩ ላይ የሚደረደሩትን የተማሪ አውቶብሶች ነው። ሹራብ ዩኒፎርም የለበሱ ትንንሽ ልጆች መስኮቱ ላይ ተደራርበው "ትዊጋ! ትዊጋ!" ይላሉ፣ ቀጭኔ ማለታቸው ነው በስዋሂሊ። የሀብታም ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ተራ የሰፈር ትምህርት ቤትም ይመጣል።

ፓርኩ በፈረንጆቹ 1946 የተቋቋመ የኬንያ የመጀመሪያው ናሽናል ፓርክ ነው፣ ስፋቱ 117 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ግን አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ጎሽ፣ የሜዳ አህያ ሁሉ አለበት፣ ዝሆን ነው ሜዳው ላይ የማታገኘው። እኛ መጀመሪያ ያገኘነው አንዲት ቀጭኔ ነበር፣ ከመንገዱ አምስት እርምጃ አይሆንም፣ ጠቆር ያለ ረጅም ምላሷን በግራሩ እሾህ መሀል እያሾለከች ቅጠሏን ብቻ ትለቅማለች፣ ከጀርባዋ የከተማው ፎቆች ይታያሉ። እማዬ "ሞተሩን አጥፋው እስቲ" አለችኝ። አጠፋሁት። ስታኝክ ይሰማል። ልጆቹ እንኳን ትንፍሽ አላሉም።

ከዛ እማዬ ቀስ ብላ "እኔ ልጅ ሆኜ ሳላ በባቡር መስኮት እቆጥር ነበር" አለች። ሳላ ፈረንጆቹ ኦሪክስ የሚሉት ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ ነው። መተሐራ ነው ያደገችው፣ አክስቷ ጋ ድሬዳዋ ሲሄዱ ባቡሩ አዋሽ ላይ ሲደርስ ሳላው ተሰልፎ ያያቸዋል ትላለች። ትልቁ ልጄ "ሳላ ምንድነው?" አለ። ትዊጋ ያውቃል፣ ሲምባ (አንበሳ) ያውቃል፣ ኪፋሩ (አውራሪስ) ያውቃል፣ የአያቱን አገር ሳላ ስሙን ሰምቶት አያውቅም፣ ይሄ ነገር ሆዴ ገባ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የሱ አይደለም የኔ ነው፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልነገርኩትም።

አዋሽ ፓርክን የዛሬ ሁለት ዓመት ከጓደኞቼ ጋር አይቼዋለሁ። ከናይሮቢው ፓርክ ስድስት እጥፍ ይበልጣል፣ ፏፏቴው አለ፣ አዞ አለ፣ የፈንታሌ ተራራ ከላይ ቁጭ ብሎ ያይሃል። ኢላላ ሳላ የሚባል ሜዳ አለ፣ በሳላ የተጠራ ሜዳ ማለት ነው፣ እኛ በሄድንበት ቀን ያየነው ግን በአብዛኛው ከብትና ግመል ነበር፣ ሳላ ሶስት ብቻ። በዚህ አርብቶ አደሩን የሚወቅስ ሰው ብዙ ነው፣ እኔ አልወቅስም። ከረዩውም አፋሩም የግጦሽ መሬቱ ግማሹ ለስኳር አገዳ፣ ግማሹ ለፓርክ ሄዶበታል፣ ድርቅ ሲመጣ ከብቱን ይዞ የት ይግባ? እዚህ ናይሮቢም እኮ ነገሩ አለቀለት ማለት አይደለም፣ ፓርኩ በሶስት በኩል ታጥሮ ወደ ደቡብ ኪቴንጌላ በኩል ነው ክፍት የሆነው፣ እዛ ደግሞ ቤትና አጥር በየዓመቱ እየበዛ የእንስሳቱን መውጫ እያጠበበው ነው፣ ባቡሩም ፓርኩን በድልድይ አቋርጦ አልፏል። ልዩነቱ ኬንያዊው ይጮኻል፣ ይከራከራል፣ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በልጅነቱ በዛ የተማሪ አውቶብስ የመጣ ሰው ነዋ የሚጮኸው። ለማሳዮቹም አጥር እንዳያጥሩ በየዓመቱ ገንዘብ የሚከፍል ፕሮግራም ተሞክሯል፣ ለከረዩው እንዲህ ያለ ነገር ቢታሰብ እያልኩ ነው ያደርኩት።

እኛ ሰፈር እረፍት ሲገኝ ቢሾፍቱ ነው፣ ሐዋሳ ነው፣ ላንጋኖ ነው፣ ደስ ይላል አልጠላም። አዋሽ ለአንድ ቀን ይርቃል ከተባለ መናገሻ ሱባ ደን አለ አይደል እንዴ፣ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ነው፣ ጉሬዛ አለው፣ የምኒልክ ድኩላ አለው፣ የትኛው ትምህርት ቤት ነው ልጆቹን የሚወስደው? እኔ አዲስ አበባ አስራ ሁለት ዓመት ስማር ያየሁት የዱር እንስሳ አምበሳ ግቢ በፍርግርግ ውስጥ የተኛውን አንበሳ ነው።

ምሳ የበላነው የዝሆን ጥርስ የተቃጠለበት ቦታ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1989 የኬንያው ፕሬዚዳንት ሞይ 12 ቶን ጥርስ አቃጠሉበት፣ በ2016 ደግሞ ሌላ 105 ቶን ተቃጠለበት። እማዬ ስነግራት እንጀራውን እንደያዘች ቀና ብላ "ይሄ ሁሉ የስንት ዝሆን ነው?" አለች፣ ከዛ በኋላ ብዙም አልበላችም።

ማታ ቤት ስንገባ ልጄ ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ አያቱ ጎን ተቀመጠ፣ ሳላ ልሳልልሽ ብሎ። ቀንዱን እንደ አጋዘን ጠምዝዞ ሳለው። "አይ የኔ ልጅ፣ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ጦር፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር አድርግለት" አለችው፣ እሱም ላጲሱን ፍለጋ ተነሳ።