ትንንሾቹ ቡድኖችም ይታሰቡ

ስለ ኪነ ጥበብ ድጋፍ መቆረጥ ያወጣችሁት ጽሑፍ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በሜይ 2025 ለብዙ የኪነ ጥበብ ቡድኖች ፈቅዶት የነበረውን ድጋፍ መሰረዙን አንስቶ፣ የቲያትር ቤቶችን ጉዳት በደንብ አሳይቷል። የሰፈር ቡድኖች ጉዳይ ግን ሳይነሳ ታልፏል።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች ክራር በሚያስተምር ቡድን ውስጥ አግዛለሁ። ልጆቹ አሥራ አንድ፣ ክራሮቹ አራት ናቸው። አንዱ ሲደረድር ሌላው ጉልበቱ ላይ በባዶ ጣቱ እየተለማመደ ተራውን ይጠብቃል። ባለፈው ወር እዚሁ የተወለደች የዘጠኝ ዓመት ልጅ የባቲን ቅኝት ከትዝታ ቅኝት በጆሮዋ ብቻ ስትለይ እናቷ አለቀሰች፤ እኔም አልቻልኩም።

የፌዴራሉ ድጋፍ በአብዛኛው ከ10,000 ዶላር ይጀምራል፤ ተቀባዩም «ማቺንግ» የሚሉትን፣ ያንኑ ያህል ገንዘብ ከሌላ ምንጭ ማምጣት አለበት። እኛ ከየት እናመጣለን? የወላጆች መዋጮ የአዳራሽ ኪራይ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ስለዚህ ደጅ የምንጠናው ስቴትና ካውንቲ ጋ ነው። ደግሞ ከፌዴራሉ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ገንዘብ 40 በመቶው በሕግ ለስቴት የኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤቶችና በርከት ያሉ ስቴቶችን በጋራ ለሚያገለግሉ የኪነ ጥበብ ድርጅቶች የሚከፋፈል ስለሆነ፣ ላይ ሲቆረጥ እኛም ጋ ይደርሳል።

አምና አንድ ቦታ አመልክተን፣ ቅጹን ስንሞላ ሦስት ሌሊት አምሽተናል። የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነው፤ ምን እንደጎደለን አይናገርም። ማቺንግ የማይጠይቅ የ2,000 ዶላር ድጋፍና ቅጹን በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ሰው ቢኖር፣ የቀሩት ሰባት ልጆችም ክራር ይኖራቸው ነበር።