በርጩማው ላይ የቆመው ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ፈር ቀዳጆች ሲነሱ፣ እንግዳው ሐኪም በአንድ አስተያየታቸው ደሜን አፈሉት። «ቪቪየን ቶማስ ለቀዶ ሐኪሙ ለብላሎክ ጎበዝ ረዳት ነበር፤ ከፈር ቀዳጆቹ ተርታ ግን አይሰለፍም። የሕክምና ዲግሪ የለውም፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገላትን ሕፃንም በእጁ አልነካትም» አሉ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

አልነካትም! እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካዋ ባልቲሞር ውስጥ አንድ ጥቁር የቤተ ሙከራ ሠራተኛ የነጭ ሕፃን ደረት እንዲከፍት ማን ሊፈቅድለት ኖሯል? በሩን ዘግቶ ሲያበቃ «ለምን አልገባህም» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ዲግሪውንም ቢሆን አልናቀውም፤ አናጺ ሆኖ ለትምህርቱ ያጠራቀመውን ገንዘብ የከሰረ ባንክ በላበት።

እስቲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1944 ወደ ባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል እንግባ። ክብደቷ 5 ኪሎ ያልሞላ፣ ከንፈሯና ጥፍሮቿ ሰማያዊ የሆኑ ሕፃን ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ወደ ሳንባዋ የሚደርሰው ደም አንሷልና ሌላ መንገድ ይከፈትለት የሚለው ሐሳብ የሐኪሟ የሔለን ታውሲግ ነው። ቢላዋውን የያዘው አልፍሬድ ብላሎክ፣ ወደ ክንዷ የሚሄደውን ደም ቅዳ ቆርጦ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ጋር ሊሰፋው ተዘጋጅቷል። ቶማስ ይህን ስፌት በውሾች ላይ ደጋግሞ ሠርቶታል። ብላሎክ የሞከረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም የቶማስ ረዳት ሆኖ! እንግዲህ ረዳቱ ማን እንደነበር እንግዳው ይንገሩን። መርፌዎቹን እንኳን ለዚያ ቀጭን ሥር እንዲሆኑ ያሳጠራቸውና የሞረዳቸው ቶማስ ነው። ብላሎክም ያለ እሱ አልጀምርም ብሎ አስጠራው፤ ቶማስም በርጩማ ላይ ወጥቶ ከብላሎክ ትከሻ ኋላ ቆመ። መርፌው አቅጣጫ ሲስት «በዚያ በኩል» የሚለው እሱ ነበር። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» እያልን ያደግን ሰዎች ይህን መፍረድ እንዴት ያቅተናል?

ብላሎክ ደፋር ነበር፤ እሱን አልነፍገውም። ነገር ግን ስለዚህ ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው ጽሑፍ የብላሎክንና የታውሲግን ስም ይዞ ሲወጣ የቶማስ ስም የትም አልነበረም። የደመወዝ መዝገቡማ ቀድሞ ሁለቱ ናሽቪል ከተማ ሲሠሩ ቶማስን በጽዳት ሠራተኛነት ነበር የመዘገበው። ጆንስ ሆፕኪንስ የክብር ዶክትሬት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ 66 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ። እሱንም በሕክምና አይደለም፤ በሕግ!