ዓምድ ብራና ላይም ነበር
አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ «ዓምደኛ» (በጋዜጣ ላይ ቋሚ ቦታ ይዞ ሐሳቡን የሚጽፍ ሰው) ከፈረንጅ ጋዜጣ የተገለበጠ፣ አገርኛ ሥር የሌለው ቃል ነው ማለቱን ፈጽሞ አልቀበልም። ጋዜጣው ከውጭ ይምጣ እንጂ ዓምድ ግእዝ ነው፤ ምሰሶ ማለት ነው። ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. የነገሠው የዓምደ ጽዮን ስምስ «የጽዮን ምሰሶ» አይደለምን? መንዝ ሳድግ ጎረቤታችን የነበሩት ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ወግተው፣ ያለ ቀለም አስምረው፣ ገጹን ለሁለት ሲከፍሉ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ እያንዳንዱን ክፍል ዓምድ ይሉት ነበር። ዳዊት ሲጽፉ ግን ስንኙ እንዳይሰበር አንድ ዓምድ ብቻ ነው። ከእኔ በፊት በሰጡት አስተያየት «ዓምደኛና ጋዜጠኛ አንድ ነው» ላሉት ወንድሜ፦ ጋዜጠኛ ዜና ያመጣል፤ ዓምደኛ ግን በቋሚ ቦታው የራሱን ሐሳብ በስሙ ይጽፋል። ፈረሰኛ ባለ ፈረስ እንደሆነ ሁሉ ዓምደኛም ባለ ዓምድ ነው።