ውዳሴ ለወንዝ አፍ ጀግኖች

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ የጣና ዳር ሰዎች ግን ጉዱን በሐምሌና በነሐሴ ሠርተን ስለምንጨርስ አዲሱን ዓመት የምንቀበለው በንጹሕ ኅሊና ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ፣ የሜጫንና የአቸፈርን ሜዳ አቋርጦ፣ በዘጌና በቁንዝላ መካከል ከጣና በሚገናኝበት ስፍራ ክረምት በገባ ቁጥር የሚታየውን የማጥመድ ጥበብ እስካሁን በወጉ ያመሰገነው ሰው የለም። ምስጋና የተነፈገው ባለሙያ ተስፋ ቆርጦ ሙያውን እንዳይተው በመስጋት ይህን ውዳሴ አቅርቤያለሁ።

የጥበቡ ታላቅነት እንዲታወቅ በመጀመሪያ ስለ ዓሣው ጠባይ መናገር ይገባል። ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸውን የጣና ዓሦች ተመራማሪዎች 15 ዝርያ አድርገው ለይተዋቸዋል፤ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነርሱ መካከል በርካቶቹ ዓመቱን በሐይቁ ውስጥ ተበትነው ይኖሩና ክረምት ሲገባ በየወንዙ አፍ ተሰብስበው፣ ወራጁን ውኃ ሽቅብ እየቀዘፉ፣ ጠጠር ወደሚበዛባቸውና ውኃቸው ፈጥኖ ወደሚፈስሰው ትናንሽ ገባሮች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል የሚጥሉት አየር የጠገበ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ነው፤ ደለል ከለበሰው ታፍኖ ይቀራል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ወሩን ሳያሳልፉ፣ መንገዱን ሳይለውጡ፣ ብዙ ሆነው በአንድነት ነው። ለአጥማጅ ከዚህ የሚበልጥ ትሕትና ያሳየ ፍጡር ከወዴት ይገኛል?

አስተዋይነት የጎደለው ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ይህን ወቅት ዓሣው የሚወልድበት ነው ብሎ መረቡን ሰቅሎ በተቀመጠ ነበር። የእኛ ጀግኖች ግን ነገሩ የገባቸው ናቸው። በበጋ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ሐይቅ ላይ ሲንከራተቱ አድረው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት ቀን አለ፤ በነሐሴ ግን ዓሣው ራሱ ተሰልፎ ስለሚመጣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከእንጨት ወደ እንጨት አንድ መረብ መወጠር ይበቃል። ማለዳ መረቡ ሲሳብ በክሩ የተያዘችው እናት ሆዷ ተወጥሮ ይታያል፤ ጎረምሳው በቢላዋ አንድ ጊዜ ሲሰነጥቃት ብጫው እንቁላል በእጁ ላይ ይፈስሳል፣ እርሱም ጣቶቹን በሣሩ ጠርጎ ወደሚቀጥለዋ ያልፋል። አንዳንድ ክፉ አፎች ይህን ምጥ የያዛትን ሴት በጤና ጣቢያ በር ላይ ጠብቆ ከመዝረፍ ጋር ያመሳስሉታል። ንጽጽሩ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ ምጥ የያዛት ሴት ትጮኻለች፣ ሰውም ይደርስላታል፤ ዓሣ ግን አይጮኽም።

ከመረቡ አልፎ ወደ ላይ የዘለቀውም ቢሆን አልተረሳም። በገባሮቹ ኩሬ ዘንድ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው የሚጠብቁት ባለሙያዎች አሉ። ዱቄቱ ውኃው ላይ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዝና ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል፤ ትልቁን ለቅሞ መሄድ ብቻ ነው የሚቀረው። የጣት ጥፍር የምታህለው ጫጩትም አብራ መሞቷ የዘዴውን ፍትሐዊነት ያሳያል፤ በዕድሜም በመጠንም አድልዎ የማያውቅ አሠራር በሌላ መሥሪያ ቤት ብንፈልግ አናገኝም።

በሰንበት ከከተማ ዘንጉን ተሸክሞ የሚመጣውን ስፖርተኛ ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለዋል። እርሱ ለሆዱ አያጠምድም፤ ይህን ራሱ ደጋግሞ ይነግረናል። ከ15ቱ ዝርያዎች 8ቱ፣ መንጋጋቸው ጥርስ ባይኖረውም፣ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸውና በክሩ ጫፍ የምታብለጨልጨውን ብረት ትንሽ ዓሣ መስላቸው ሲነክሱ ጥሩ ትግል ይገጥሙታል። ስፖርተኛችንም ይህን ትግል የሚመርጠው ዓሣው በሚሰበሰብበት በዚያው በወንዙ አፍ፣ በዚያው ወር ነው፤ ተጋጣሚው እንቁላል ተሸክማ ረጅም መንገድ ልትጀምር የተዘጋጀች መሆኗ የድሉን ክብር ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በጉንጯ በኩል ጣቱን አስገብቶ ያነሣታል፤ አንዱ ጓደኛው ፎቶ ያነሣል፣ ፀሐዩ ከኋላ ሆኗል ተብሎ ይደገማል፣ ሌላው ደግሞ እኔም ልያዛት ይላል። በመጨረሻም ርኅራኄው መጥቶበት ወደ ውኃው ይመልሳታል። ከዚያ በኋላ በጎኗ ተጋድማ ወዴት እንደሄደች የፎቶው ጉዳይ አይደለም።

የእነዚህ ጀግኖች ፍልስፍናም እንደ እጃቸው የሠላ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የአካባቢው ሰው በወንዙ ዳር ቆመው «ልጄ፣ ቢያንስ እስክትወልድ ብትተዋት ምን አለበት?» ሲሉ፣ መረብ የሚስበው ወጣት ቀና እንኳ ሳይል «አባባ፣ እኔ ብተዋት ያ ማዶ ያለው አይተዋትም» አላቸው። ከማዶ ያለውም ቢጠየቅ ከወዲህ ያለውን እያመለከተ ያንኑ ይመልሳል። ሁለቱ ዳሮች በምንም ነገር ሲስማሙ ያልታየበት ዘመን ላይ ይህን ያህል የጸና ስምምነት መኖሩ ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል።

አሁን ምቀኞች ወደሚያነሡት ወደ ዓሣው ማነስ እንምጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ገባ፤ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተደረገው ጥናት ደግሞ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸውን አሳየ፤ የግልገሎቻቸው መጠን ከዚያም በላይ አሽቆልቁሎ ነበር። እኛ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለን፤ ጥፋቱ የእምቦጭ ነው። እምቦጭ በጣና ላይ ጎልቶ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ስለሆነ ከመምጣቱ ከ10 ዓመት በፊት ዓሣውን ያጠፋ አረም ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ኃያል አረም በእጅ እየነቀልን ለማጥፋት መነሣታችን ድፍረታችንን ያሳያል። ደለሉም፣ ከወንዙ አልጋ የሚዛቀው አሸዋም፣ የዓሣውን መንገድ የሚዘጋው ግድብም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ የሁሉም ጥቅማቸው ግን አንድ ነው፦ በስብሰባ ላይ መረቡ ስሙ እንዳይነሣ ይከልሉታል።

የእኛን የተመጋቢዎቹንም ውለታ መዘንጋት ነውር ነው። በፍልሰታ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ባሕር ዳር ምግብ ቤት ገብተን ምን እንደምንል ብቻ ላስታውስ፤ «ትልቁን አምጣልን» እንላለን። ከነጭ ዓሣ ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው፤ ወቅቱም ነሐሴ ነው። ሙሉው ጥብስ በሳህን ሙሉ ሲቀርብ ሳህኑ ላይ ያለው የዘንድሮው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሚቀጥሉት ዓመታትም አብረው ተጠብሰዋል፣ ዋጋቸው ግን አልተጨመረም።

አዋጅ የለም እንዳይባል ደግሞ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ፈቃድም ተቆጣጣሪም ያውቃል። ክረምት ላይ ወንዙ ጭቃ ስለሚሆን አዋጁ እስከዚያ ድረስ በእግሩ መጓዝ ይከብደዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ ዓሣው ወደ ሐይቁ ተመልሷል፣ የተረፈው ማለቴ ነው።

ለጀግኖቹ ወጪን የሚቀንስ አንድ ሐሳብ በትሕትና ላቅርብ። ትልቁ ዓሣ ሲጠፋ መካከለኛውን ለመያዝ የመረቡ ዐይን ጠበበ፤ መካከለኛው ሲመናመን ደግሞ ትንሹን ለመያዝ እንደገና ጠበበ። በዚህ አያያዝ ጥቂት ክረምት ከቀጠልን ለግልገሉ የሚሆን መረብ በውድ መግዛት አያስፈልግም፤ ወንፊት በየቤቱ አለ።