ሰዳቢውን የሚያስቆመው የራሱ ወገን ነው

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ለመሆን የሚወዳደሩት ፖለቲከኞች ላስ ቬጋስ ላይ ሲከራከሩ፣ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ስለ ደጋፊዎቻቸው ጠባይ ተጠየቁ። ላስ ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች የተደራጁበት፣ 60,000 ያህል አባላት ያሉት የሠራተኛ ማኅበር አለ። ማኅበሩ ለዓመታት ታግሎ ያገኘውን የጤና መድን የሳንደርስ ዕቅድ ያስቀርብናል ብሎ ለአባላቱ አሳወቀ። ይህን ባለ ማግሥት በማኅበሩ ሴት መሪዎች ላይ የስድብ ውርጅብኝ ወረደ። ሳንደርስ መድረኩ ላይ፣ የሠራተኛ መሪዎችን የሚሰድቡ ጥቂት ሰዎች ካሉ አላውቃቸውም፣ የእንቅስቃሴያችን አካል አይደሉም አሉ። ተፎካካሪያቸው ፒት ቡቲጄጅ ግን በዚህ አላለፏቸውም። ይህ ነገር በተለይ በእርስዎ ደጋፊዎች ዘንድ የሚበዛው ለምን ይመስልዎታል ሲሉ ጠየቁ።

ለእኔ ይህ ጥያቄ ከዚያ ምርጫ ውጤት በላይ ክብደት አለው። ጅማ ላይ ሆኜ ምርጫ በቀረበ ቁጥር የማየውን ነገር ይነካልና።

አሜሪካኖቹ ቅድመ ምርጫ የሚሉት፣ አንድ ፓርቲ ከባላጋራው ጋር ከመግጠሙ በፊት የራሱን ዕጩ በመራጮች ድምፅ የሚለይበት ውድድር ነው። የሚሰዳደቡት እንግዲህ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። ሳንደርስና ሂላሪ ክሊንተን በሴኔት አብረው በቆዩባቸው 2 ዓመታት ከ100 ድምፅ 93ቱን አንድ ዓይነት ሰጥተዋል። በፈረንጆቹ 2016 እነዚህ ሁለቱ ሲወዳደሩ ግን የኔቫዳ የፓርቲው ሊቀመንበር የነበሩት ሴት፣ ጉባኤውን ለክሊንተን አዳሉ ተብለው ስልካቸው በኢንተርኔት ተበተነና የግድያ ዛቻ ሲጎርፍባቸው ሰነበተ። ዛቻው የመጣው ከሪፐብሊካኖች ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልገረመ ነበር። የመጣው በሁለት ነገር ተለያይተው በአሥር ነገር ከሚስማሙ ሰዎች ነው።

በእኛ አገር ዕጩ የሚለየው በዝግ ስብሰባ ነው፣ ስለዚህ ይህ አይመለከተንም የሚል ሰው ይኖራል። በመጋቢት 2010 የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀመንበሩን ሲመርጥ የበሻሻው ልጅ ዐቢይ አሕመድ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ ማግኘታቸው ሲነገር፣ ድምፅ የሰጡት የምክር ቤቱ አባላት ብቻ ነበሩ። ድምፅ ያልነበረን እኛ ግን ፌስቡክ ላይ ድምፅ እንዳለው ሰው ተፋጠን ነበር። በሻሻ ከአጋሮ አጠገብ ናት፣ አጋሮ ደግሞ የእኛው ዞን ስለሆነች ጉዳዩ ጅማ ላይ የቤት ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታትም የገዢው ፓርቲ ሰዎች ሲከፋፈሉ፣ የኦሮሞ ፓርቲዎች መሪዎች ሲለያዩ፣ የአንዱ ደጋፊ ሌላውን ባንዳ፣ ጎበና፣ ከሃዲ፣ ካድሬ ሲል ከርሟል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስኳርና ኦቾሎኒ የሚቀባበሉ ሰዎች፣ ስልካቸውን ሲያነሡ በዚያው ከተማ ያለውን የሌላውን ሰው እናት ይሰድባሉ።

በዚህ ዓይነቱ ጠብ ከአሜሪካኖቹ እንቀድማለን እንጂ አንዘገይም። በ1997 ምርጫ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። መሪዎቹ ታሰሩ። በሐምሌ 1999 በይቅርታ ሲፈቱ ደጋፊው በደስታ ሰከረ። ያ ደስታ ግን ወራት አልቆየም። መሪዎቹ በሊቀመንበሩ በኢንጂነር ኃይሉ ሻውልና በእነ ብርቱካን ሚደቅሳና ብርሃኑ ነጋ ወገን ሲከፈሉ፣ በውጭ አገር ያለው ደጋፊ ፓልቶክ በሚባለው የኢንተርኔት የድምፅ መወያያ ክፍሎችና በድረ ገጾች ተሰልፎ ጦርነት ገጠመ። የዚያን ጊዜ የፓልቶክ ክፍል ገብቶ ያዳመጠ ሰው የሚያስታውሰው አለ። ማይክ የያዘው ሰው ስለ ፓርቲው ፕሮግራም አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ የሌላውን ወገን መሪ በወያኔ ተላላኪነት ሲወነጅል ያመሽ ነበር። ክፍሉን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ደግሞ ከራሳቸው ወገን የሚሳደበውን ትተው የሚቃወመውን ብቻ ያባርሩ ነበር። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ውጤቱ የሚታወቅ ነው። የቅንጅት ስም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ብርቱካን አንድነት ፓርቲን፣ ብርሃኑ ግንቦት 7ን መሠረቱ። ስድቡ ብቻውን ፓርቲውን አፈረሰ አልልም፣ ገዢው ፓርቲም ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን መሪዎቹ ሊታረቁ በሞከሩ ቁጥር ደጋፊያቸው ከእነርሱ በላይ ተናድዶ፣ የሚመለሱበትን መንገድ አጥሮባቸው ነበር። ሌላኛውን ወገን ለወራት ከሃዲ ሲል የከረመ ሰው፣ ከከሃዲው ጋር ተጨባበጥኩ የሚለውን መሪውን ይቅር አይለውም።

ዓመታት አለፉ። ብርቱካን ሚደቅሳ በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ብርሃኑ ነጋ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል በ2009 አርፈዋል። በአሜሪካም ያው ነው። በፈረንጆቹ 2008 ኦባማና ክሊንተን ከጃንዋሪ እስከ ጁን ተፋለሙ፣ የክሊንተን ደጋፊዎች ለኦባማ በፍጹም አንመርጥም ብለው ተደራጁ፣ ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ክሊንተን በኦባማ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ታጩ። ካማላ ሃሪስ በፈረንጆቹ 2019 በክርክር መድረክ ጆ ባይደንን ክፉኛ ወረፉ፣ በ2020 የባይደን ምክትል ሆነው ለመወዳደር ታጩ። ዕጩዎች የሚታረቁበት ምክንያት አላቸው። ሥልጣን አለ፣ ሹመት አለ፣ የጋራ ባላጋራ አለ። የጅማው ደጋፊ ከመንደሩ ሰው ጋር የሚያስታርቀው ሹመት የለውም። ለእርሱ የሚቀረው ስክሪንሹቱ ነው። ያ ስክሪንሹት ምርጫው ካለፈ በኋላ የእድር ስብሰባ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ቀበሌ ጉዳይ ለማስፈጸም ሲሄድ ይከተለዋል። የጅማ ሰው ኦሮሞ፣ አማራ፣ ዳውሮ፣ ከፋ፣ የም፣ ጉራጌ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖር ሰው ስለሆነ፣ ለአንድ ዕጩ ተብሎ የተወረወረ ስድብ መጀመሪያ ፖለቲካ መስሎ ይመጣና ዞሮ የአማትን ወገን ይመታል።

አብዛኛው ስድብ እኮ የሐሰተኛ አካውንት ሥራ ነው የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ እውነትነትም አለው። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2018 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት 13 ሩሲያውያንን ሲከስ፣ የአካውንቶቹ ሠራተኞች ክሊንተንን እንዲያጥላሉ፣ ሳንደርስንና ትራምፕን ግን እንዲተዉ ታዘው እንደነበር ገልጿል። ፌስቡክ ራሱ የእነዚህ ሰዎች ጽሑፍ እስከ 126 ሚሊዮን ሰው ደርሶ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። በእኛም አገር የሰኔ 2013 ምርጫ ቀናት ሲቀሩት ኩባንያው 65 የፌስቡክ አካውንቶችንና 52 ገጾችን አስወግዶ፣ መረቡ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ጋር ከተያያዙ ሰዎች ጋር ግንኙነት እንዳለው አስታውቋል። ሳንደርስም በላስ ቬጋሱ መድረክ ነገሩ የሩሲያ እጅ ቢኖርበት አይገርመኝም ብለው ነበር። ይሁን። ሐሰተኛ አካውንት ግን ያለ እውነተኛ አጨብጫቢ ምንም አይደለም። ላይክ ያደረገው፣ ሼር ያደረገው፣ ከሥሩ የሳቀው በእውነተኛ ስሙና ፎቶው ያለ የሰፈራችን ሰው ነው።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። አዋጁ የሚጠብቀው ግን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የሚጠቃን ሰው ነው። የዚህ ዕጩ ደጋፊ የዚያን ዕጩ ደጋፊ ሆዳም፣ ባንዳ ቢለው አዋጁ ቦታ የለውም፣ እንዲኖረውም አልፈልግም። ለመንግሥት የፖለቲካ ስድብን የመቅጣት ሥልጣን ከሰጠነው መጀመሪያ የሚቀጣው ማንን እንደሆነ እናውቃለን። ኩባንያዎቹንም አልጠብቅም። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2021 የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ቀርበው የኩባንያው አሠራር የሚያስከትለውን አደጋ ሲያስረዱ ኢትዮጵያን ከነስሟ ጠርተዋታል። ቁጣ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ ብዙ ኮሜንት ያመጣል፣ ብዙ ኮሜንት ያለው ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይታያል፣ ብዙ ሰው ያየው ማስታወቂያ ይሸጣል። ኩባንያው ይህን አሠራር የሚጥልበት ምክንያት የለውም።

ተሰዳቢው መልስ ቢሰጥስ? ይብሳል። የባላጋራ ተግሣጽ ለሰዳቢው ሽልማት ነው፣ ነካሁት ማለት ነውና። የሚቀረው አንድ ወገን ብቻ ነው፣ የሰዳቢው የራሱ ወገን።

ወደ ሳንደርስ ልመለስ። ሰውየውን ዝም አሉ ብሎ መክሰስ ፍትሐዊ አይደለም። በፈረንጆቹ 2019 ዘመቻቸውን እንደጀመሩ ዛቻና ማሸማቀቅን እንደሚያወግዙ ለዋና ዋና ደጋፊዎቻቸው ጽፈዋል። በላስ ቬጋስ አላውቃቸውም ብለዋል። ከዚያ ሳምንት ሳያልፍ በድብቅ አካውንት ተቀናቃኞችን ሲሰድብ የተገኘ አንድ የዘመቻ ሠራተኛ ተባርሯል። ሦስቱም ጥሩ ነው። ግን ስድቡ አላቆመም፣ ምክንያቱም መሪ ከላይ የሚናገረው ቃል እታች ያለውን ሰው በስሙ አይጠራውም። "ጥቂት ሰዎች" ሲባል እያንዳንዱ ሰዳቢ ሌላ ሰው የተነካ ይመስለዋል። የሚያስቆመው፣ ከሥሩ ወርዶ "ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ለእርሱ ነው የምመርጠው፣ ይህን ጽሑፍ ግን አጥፋው" የሚለው የራሱ ሰው ነው። ያ ሰው ከሃዲ ሊባል ይችላል። የፓልቶኮቹን ክፍል አስተዳዳሪዎች ያነሣሁት ለዚህ ነው። እነርሱ ያን ጊዜ የራሳቸውን ተሳዳቢ ለአንድ ምሽት እንኳ ከማይክ ቢያወርዱት፣ ከሁለቱም ወገን የሚሰማቸው ሰው ይኖር ነበር።

ይህን ስል የምፈራው አንድ ነገር አለ። ጨዋነት የሚባለው ቃል በአገራችን የበታችን ዝም ማሰኛ ሆኖ ብዙ አገልግሏል። ዕጩን መንቀፍ፣ ያለፈ ሥራውን መቁጠር፣ ቃሉን አፍርሷል ማለት፣ መናደድም ጭምር የዜጋ መብት ነው። የኔቫዳው ማኅበር የሳንደርስን ዕቅድ መተቸቱ ተገቢ ነበር። መድን አጥቶ የታመመ የሳንደርስ ደጋፊ በማኅበሩ መናደዱም ተገቢ ነበር። ያልተገባው ንዴቱ ከዕቅዱ ወርዶ የማኅበሩ ሴት መሪዎች ስልክ ላይ ሲደርስ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ረቂቅ ሰው መሆን አያስፈልግም። ጽሑፉ ስለ ሰውየው ሥራ ከሆነ ይቆይ። ስለ እናቱ፣ ስለ ብሔሩ፣ ስለ ቤቱ አድራሻ ከሆነ ይውረድ።

ጅማ ላይ ይህን ማድረግ የሚችሉ ሰዎችን እናውቃቸዋለን። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለበትን የቴሌግራም ቡድን የሚያስተዳድረው ወጣት፣ ከሂርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ ሰው የሚያውቀው ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ገጽ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የየፓርቲው አስተባባሪ ስልኩ በሁሉም እጅ አለ። እነዚህ ሰዎች የሌላውን ወገን ስድብ ሲያጋልጡ በየቀኑ አያለሁ፣ የራሳቸውን ሲያወርዱ ግን አላይም። ስለዚህ ጥያቄዬ ለእነርሱ ነው። የሚቀጥለው ዘመቻ ሲጀመር፣ ቡድናችሁ ውስጥ የእናንተን ዕጩ ደግፎ የሌላውን ደጋፊ ያዋረደ የመጀመሪያው ሰው ሲገኝ፣ ጽሑፉን በዚያው ሰዓት አውርዱና ለምን እንዳወረዳችሁት በገሃድ ጻፉ። ዕጩዎችም የምረጡኝ ቅስቀሳ ለማድረግ ጅማ ስትመጡ፣ ይህን ያደረገውን አስተባባሪያችሁን መድረክ ላይ አቁማችሁ አመስግኑት። ያላደረገውን ደግሞ ሌላ ሰው ተኩበት።