ዐይን ሲጠፋ እጅ ለምን ይታሰራል?

ባሕር ዳር ውስጥ ትልቅ ሰው ዐይኑ ሲጠፋ ቤቱ በሰው ይሞላል። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ ዘመዱ ሁሉ ይመጣል። አንዱ ይመራዋል፣ አንዱ ያጎርሰዋል፣ ሌላው ጸበል ይዞ ይደርሳል። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግን በር የሚያንኳኳው ያለ ዐይን መኖርን የሚያስተምር አሠልጣኝ ነው።

ባሕር ዳር ያለችውን አክስቴን የጎዳት ግላኮማ የሚባል የዐይን በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ሳያም፣ ቀስ እያለ፣ ከዳር ጀምሮ ነው የሚያጠፋው። የጠፋው አይመለስም። ሐኪሙ ይህንኑ ነግሮ አሰናበታት። ከዚያ በኋላ ኑሮዋን እንዴት እንደምትገፋ አንድም ሰው አልነገራት። ቤት ስትገባ ልጆቿ «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ እኛ አለንልሽ» ብለው ከምድጃው አስነሷት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰፈሩን ቡና ያጠጣች ሴት ናት። አሁን ስኒው ተቀድቶ እጇ ላይ ይደረግላታል። ልጆቿ ክፋት የለባቸውም፤ ስለሚሳሱላት ነው። ግን ፍቅራቸው እጇን አሰረው፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

እዚህ ደግሞ ታክሲ ሲነዳ የኖረ አንድ የሀገራችን ሰው አለ። ስኳር ነው ዐይኑን ያጠፋበት። ማሠልጠኛ ሲገባ ጥቂት ብርሃን ቀርቶለት ነበር። እሷንም በጨርቅ ሸፍነው አስተማሩት፤ በጭላንጭሏ ተመክቶ እጁንና ጆሮውን ሳያሠለጥን እንዳይቀር። ነጩ በትር ቁመቱ እስከ ደረቱ ነው። ቀኝ እግሩ ሲራመድ ጫፉ በግራ በኩል መሬት ይነካል፣ ግራው ሲራመድ በቀኝ። እንዲህ ሲሆን ቀጥሎ የሚረግጠው ቦታ ቀድሞ ተፈትሿል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ ዐይናቸውን ላጡ የአሜሪካ ወታደሮች ሪቻርድ ሁቨር ያወጣው ነው። ሽንኩርት ሲከትፍ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ቢላዋውን በጣቶቹ አንጓ ይመራል። የዶላር ኖቶች መጠናቸው አንድ ስለሆነ አንድ ዶላሩን ሳያጥፍ፣ አምስቱን አንዴ አጥፎ ይይዛል። ዛሬ ብቻውን አውቶቡስ ይሳፈራል። ከቅዳሴ ሲመለስ ግን የሚጠብቀው ባዶ ቤት ነው፤ ይህም መነገር አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከዐይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉን የጎዳው የሞራ ግርዶሽ ነው። እሱ በቀዶ ሕክምና ይድናል፣ ዘመቻውም ይደረጋል፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። የማይመለሰው ዐይን ግን ባለቤት የለውም። ሕፃን ከሆነ ሰበታ እንዳለው ያለ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ዐይኑ የጠፋ ሰው ማን ጋ ይሂድ? ይህ ደግሞ ጎጃም ነው! ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ቅኔና ዜማ በቃል ተምረው ስንት ደቀ መዝሙር ያፈሩበት አገር። ያለ ዐይን መማር እንደሚቻል ለእኛ ማን ይነግረናል?

ባሕር ዳር ለዚህ ሥልጠና የተመቸች ናት። ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው። የጣና ንፋስ፣ የጊዮርጊስ ደወል፣ የባጃጅ መቆሚያው ጫጫታ አቅጣጫ ይነግራሉ። ክፉው ነገር ክዳን የሌለው የውኃ መውረጃ ቦይ ነው፤ እሱን ማዘጋጃ ቤቱ ይክደነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዐይነ ስውር ለመምራት ሲባል ከትምህርት የሚቀረው ልጅ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ሲሠለጥን አንድ ልጅ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። ቤት ለቤት የሚዞር፣ ቤተሰቡን አብሮ የሚያስተምር አሠልጣኝ ይበቃል። መጀመሪያ ዐይነ ስውር እንዴት እንደሚመራ ያሳያቸው። ዐይነ ስውሩን አይጎትቱትም፤ እሱ ራሱ የመሪውን ክርን ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ይሄዳል። ቀጥሎ እንደ አክስቴ ላለችው ጀበናዋን ይመልሱላት። ስልኩንም ያስለምዱ፤ ቶክባክ የሚባለው ድምፅ አንባቢ አብዛኛው አንድሮይድ ላይ አብሮ ይመጣል፣ ኢስፒክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ አማርኛም ያነባል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አንቀጽ 26 ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። መንግሥት እስኪደርስ እኛ ውጭ ያለነው ለሕክምና እንደምናዋጣው ሁሉ ለአንድ አሠልጣኝ ደመወዝ እናዋጣ። ዕድሮቹ ቤቶቹን ይጠቁሙ። ሐኪሙም «አይመለስም» ባለበት ቀን የአሠልጣኙን ስልክ ቁጥር ጽፎ ይስጥ።