ስልኬ ክረምትና በጋ አያውቅም

ኧረ ወገን ዛሬ ብሶቴን ልተንፍሰው። ትናንት ማታ ዓመቱን ሙሉ ያነሳኋቸውን 12 ፎቶዎች ለእናቴ አሳየኋት፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ አንድ። መነጽሯን አድርጋ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያለች አየችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ነው ያነሳኸው?»

በአንድ ቀን! ዓመት ሙሉ እኮ ነው ወደ ጎሃ ሆቴል በሚያወጣው መንገድ ዳር አንዲት ድንጋይ ላይ እየቆምኩ ጎንደርን ቁልቁል ያነሳሁት። ድንጋይዋ ራሷ ሳትለምደኝ አትቀርም። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ያው ቦታ፣ ያው አቋቋም፣ የፋሲል ግንብ መሃል ላይ እንዲገባ፣ ከኋላው ደግሞ ኮረብታዎቹ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፣ ያው አገር በመስከረም ሌላ፣ በጥር ሌላ፣ በሐምሌ ሌላ መሆኑን ማሳየት። አንድ ቀን ደግሞ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ። ዛፍ እያነሳሁ ነው አባባ ስላቸው «የማንን ዛፍ?» ብለው የምር ተጨነቁ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እዛ ጋ ስቆም የሆነ ነገር የምለካ ነው የሚመስለኝ።

ለማንኛውም እናቴ አልተሳሳተችም። ፎቶዎቹን ደርድሬ ሳያቸው ሁሉም ላይ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሁሉም ላይ ዛፉ አረንጓዴ፣ ሁሉም ላይ ግንቡ ትናንት የታጠበ ይመስላል። ስልኩ ነው ጉዱ! ካሜራውን ወደ ሣር ሳዞረው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽዬ የቅጠል ምልክት ብቅ ትላለች፣ «ገባኝ፣ ተፈጥሮ ነው» ማለቱ ነው መሰለኝ፣ ከዛ ማንም ሳይጠይቀው አረንጓዴውን ይደፋበታል። የመጋቢት ሣር እኮ አረንጓዴ አይደለም ወንድሜ፣ የአህያ ጀርባ ነው የሚመስለው! አቧራው ከምድር ተነስቶ ኮረብታውን ሁሉ ደብዘዝ ሲያደርገው እኔ የምፈልገው እሱን ድብዝዝ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጉሙ ከተማዋን ውጦ የግንቡ ጫፍ ጫፉ ብቻ ሲቀር፣ እንደዛ ሆኖ አይቼው በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ አነሳሁት፣ ስልኩ ጉሙን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠረገው። ጠ-ረ-ገ-ው።

ቆይ አጥፋው ትሉኝ ይሆናል። ያቺን ቅጠል ሚያዝያ ላይ ማጥፊያዋን አገኘሁላት (ስምንት ወር ሙሉ የት ነበርኩ አትበሉኝ)፣ ኤችዲአር የሚሉት የካሜራው ሥራ ግን የኔ ስልክ ላይ አልጠፋም አለ። እሱ ደግሞ አንዴ ስትጫን አንድ ፎቶ አይደለም የሚያነሳው፣ አንዱን ጨለምለም አንዱን ፈካ አድርጎ ተከታትሎ ያነሳና አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። ቋሚ ነገር ከሆነ አሪፍ ነው። ነፋስ ሲኖር ግን ባሕር ዛፉ በአንደኛውና በሁለተኛው መሃል ይወዛወዛል፣ ስለዚህ አንዱ ቅጠል ሁለት ጥላ አብቅሎ ይወጣል። ካርቶኑ ላይ 48 ሜጋፒክስል ብለው በትልቁ ጽፈዋል፣ ፎቶው ሲወጣ 12 ነው፣ አራት አራቱን ፒክስል ደምሮ እንደ አንድ ስለሚቆጥራቸው። ይሄንንም ብር ከከፈልኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።

ዋናው ቁስሌ ግን አደይ አበባ ናት። አደይ ዓመት ጠብቃ መጥታ ከመስቀል በኋላ ብዙም ሳትቆይ ትሄዳለች፣ ቀልድ የለም። ባለፈው መስከረም መጀመሪያ ላይ በጠዋት ወጣሁ፣ ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አርሶታል፣ አንዷ አበባ ላይ ትንሽዬ ንብ ተቀምጣለች፣ ቅጠሎቿ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ሳይቀሩ በዓይኔ ይታዩኛል፣ ትንፋሼን ይዤ ጠጋ ብዬ ማንሻውን ነካሁት። ቤት መጥቼ ሳየው መስመር የለ፣ ንብ የለ፣ ቢጫ ነገር ብቻ። እናቴ (አሁንም እናቴ) «ቅቤ ነው?» አለችኝ። በኋላ እንደገባኝ ደማቅ ቢጫ ሲሆን ካሜራው ቢጫን የሚሠራባቸው ቀዩና አረንጓዴው ሁለቱም ጢም ብለው ይሞላሉ፣ ከሞሉ በኋላ መስመር የሚባል ነገር አይለዩም። መፍትሔው ስክሪኑ ላይ አበባዋን በጣት ነክቶ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች መጎተት ነው፣ ሰማዩ ይጨልማል ግን አበባዋ አበባ ትሆናለች። ይሄን ስማር ጥቅምት አልቆ ነበር፣ አደዩም ረግፎ። ባዶ ግንድ ላይ ተለማመድኩ።

ጥር ላይ ፋሲል መዋኛም ሄድኩ። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፣ ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው፣ ስለዚህ የመዋኛው ግንብ ጥላ ውሃው ላይ ሲያርፍ ማንሳት ከፈለግክ ቀኑ ጥቂት ነው። በከተራ ዋዜማ በጠዋት ደረስኩ፣ ውሃው ጸጥ ብሎ ግንቡ ተገልብጦ ተኝቷል፣ አጥሩን ጨምድደው የያዙት የዛፍ ሥሮች ሳይቀሩ ውሃው ውስጥ ይታያሉ፣ ስልኬን ሳወጣ «ማስቀመጫው ሞልቷል» አይለኝ መሰላችሁ! የአክስቴ ልጅ ሠርግ ቪዲዮ ነው የሞላው። ቆሜ ሳጠፋ ሳጠፋ ሰው መጣ፣ ልጆች ድንጋይ ወረወሩ፣ ግንቡ ተበጣጠሰ።

ስለ ዙም አታናግሩኝ። ወፍ በ10 እጥፍ ሳቀርብ የውሃ ቀለም ሥዕል ነው የሚወጣልኝ፣ ምክንያቱም ማቅረብ ሳይሆን ቆርጦ መለጠጥ ነው ሥራው። ስልኬ የሚያምርበት ስሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው፣ ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ ስለማይሸሹ ዙም አያስፈልግም፣ ግን በየሳምንቱ ደባርቅ የምመላለስበት ብር ማን ይሰጠኛል።

ይሄንን ሁሉ ችዬ ደግሞ ፖስት ሳደርግ፣ አንዷን ብቻ፣ የመጋቢቷን፣ በመከራ አቧራዋን ያዳንኩላትን፣ የመጀመሪያው ኮመንት ምን ይላል? «ብሮ ካሜራህን ጥረገው»።

አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው፣ ስልኬን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ድንጋዬ ላይ እየወጣሁ ነው፣ ሌንሱ በትንፋሼ ይደፈናል በሸሚዜ እጠርገዋለሁ። አደይ ልትመጣ ነው። ቢጫን ከቅቤ የሚለይ ስልክ ያለው ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ ለሦስት ሳምንት እከራየዋለሁ፣ የሠርግ ቪዲዮ አልጭንበትም።